«ገና አላወቅሁም» ስለ ማለት

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ እዚህ ሬንተን፣ የጥናት ክበባችን ቅዳሜ ማታ በሚሰበሰብበት ጠባብ ቤት፣ ከአባሎቻችን አንዷ አንድ ፎቶግራፍ አሳየችን። ይህች ጓደኛችን የባሕር ሥነ ሕይወት ተማሪ ናት። ፎቶግራፉን የላከላት በጂቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ እየጠለቀ የሚያጠና የትምህርት ባልደረባዋ ነው። በሥዕሉ ላይ ኮራል የሠራው ሻካራ አለት ይታያል። በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ድቡልቡል፣ አረንጓዴ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ነገር ተወሽቋል። መጠኑ እንዲገመት የጠላቂው ጣት አጠገቡ ተደርጓል፤ ከጣቱ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፎቶግራፉ ጋር የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ይህ ምንድን ነው?»

ጥያቄው የተላከው ለእርሷ ቢሆንም መልሱን ለመስጠት የተሽቀዳደምነው እኛ ነበርን። አንዱ የዓሣ ዕንቁላል ነው አለ። ሌላው፣ የለም፣ ከመርከብ የተጣለ የጠርሙስ ስባሪ ባሕሩ አሙልጦት ነው ሲል ተከራከረ። አንዷ የባሕር ተክል ፍሬ ነው አለች፤ አንዱ ዕንቁ ነው አለ። እኔም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ መሆኔና ባሕርን ከአውሮፕላን መስኮት በቀር በቅርብ ያላየሁ መሆኔ ሳያግደኝ፣ «የተደበቀ እንስሳ ዓይን ነው» ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያ ድቡልቡል ነገር አምስት ስም ወጣለት። ከመካከላችን ስም ያላወጣችለት እርሷ ብቻ ነበረች። ስንጠይቃት «ገና አላወቅሁም» አለችን። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ?» ብለን ሳቅንባት።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሳቅ ነው። ለመሆኑ አንድን ያልታወቀ ነገር «አላወቅሁህም» ብሎ ማለፍ የዕውቀት ድህነት ነው ወይስ የሥነ ምግባር ግዴታ? ስም የማውጣት ሥልጣንስ ለማንና በምን ቅድመ ሁኔታ ይሰጣል?

ጓደኛችን ነገሩን ሦስት ሳምንት ቆየችበት። በመጀመሪያ ያነሳችው ጥያቄ «ምን ይመስላል?» የሚለው አልነበረም፤ «ምን ይመስላል?» ብለን ስለ ጀመርን ነበር እኛ ዕንቁላልና ዓይን ያየነው። እርሷ ለባልደረባዋ መልሳ የጻፈችው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። ከስንት ሜትር ጥልቀት ተገኘ? የፀሐይ ብርሃን ይደርሰዋል? በምን ተጣብቋል? ሲነካ ይሸማቀቃል? ብቻውን ነው ወይስ መሰሎቹ በአካባቢው አሉ? ከዚህ በኋላ የዘርፉ ሰዎች መለያ ቁልፍ ወደሚሉት መጽሐፍ ሄደች። መለያ ቁልፍ እንደ ተከታታይ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው፤ በየደረጃው ሁለት አማራጭ ይቀርባል፤ አንዱ በማስረጃ ሲወድቅ ብቻ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። መንገዱ «ይህ እንትን ነው» በማለት ሳይሆን «ይህስ እንትን አይደለም» በማለት የሚያስኬድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መልሷን አመጣች። ነገሩ በአብዛኛው ምልክቱ ቫሎንያ ቬንትሪኮሳ የሚባለውን የባሕር አልጌ ይመስላል። ዕንቁላልም፣ ጠርሙስም፣ ፍሬም፣ ዕንቁም፣ ዓይንም አልነበረም። ይልቁንም ከግምታችን ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርም ሆኖ ተገኘ፤ ያ የሎሚ ፍሬ የሚያህል ኳስ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። የእኛ አካል ሕዋሶች ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሲሆኑ፣ ይህ ፍጥረት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ኒውክለሶች ይዞ እስከ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል።

እኛ መልሱ ተገኘ ብለን ስናጨበጭብ እርሷ ማስታወሻ ደብተሯን አሳየችን። በሁለቱ የላቲን ስሞች መካከል ሁለት ትንንሽ ፊደሎች ጽፋለች፤ ሲ.ኤፍ. የሚባለው ምልክት ነው፤ «አወዳድር» ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ትርጉሙም «ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን አላረጋገጥሁም» ማለት ነው። ለምን? በፎቶግራፍ ብቻ ኳሱ አንድ ሕዋስ ይሁን ወይም ብዙ ሕዋሶች ተጣብቀው የሠሩት ይሁን ስለማይለይ ነው። ለዚህ ናሙናው በእጅ መግባትና በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። «በአንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በላይ አልናገርም» አለች። ሳይንስ ጥርጣሬን የሚያሰፍርበት የራሱ ፊደል እንዳለው ያወቅሁት ያን ማታ ነው።

ይህ ፊደል በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ኮራል ራሱ ለረጅም ዘመን ያልታወቀ ፍጥረት ነበር፤ ሊቃውንት ድንጋይ ነው ወይስ ተክል እያሉ ይከራከሩበት ነበር። በ1720ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዣን አንድሬ ፔሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም ኮራልን በባሕር ውኃ ውስጥ ሕያው እንዳለ ተመልክቶ፣ አበባ የሚባሉት እንስሳት ናቸው ብሎ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጻፈ። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሬኦሚር አላመነውም፤ ሐሳቡንም ለጉባኤው ሲያቀርብ የሰውየውን ስም ሳይጠራ አለፈው፤ መሳቂያ እንዳይሆን በማሰብ ያደረገው ነው ይባላል። በ1740ዎቹ አብርሃም ትሬምብሌ በጣፋጭ ውኃ ፖሊፖች ላይ ያደረገው ምርምር ነገሩን እስኪለውጠው ድረስ ፔሶኔል ብቻውን ቆየ። እንግዲህ ስም የሚያወጣው ጉባኤ የተማረ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ያን ማታ ከመካከላችን አንዱ «ባሕር የሌለው አገር ልጆች ስለ ኮራል ምን አገባን?» ሲል ቀለደ። ጓደኛችን ግን በዳናኪል ዝቅተኛ ምድር፣ በጨው ሜዳው ዳርቻ፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት የኮራል አለት እንዳለ ነገረችን። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ያን ምድር ሞልቶት ነበር፤ ውኃው ሲሄድ ኮራሉ በደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ያን ነጭ ድንጋይ የሚያይ መንገደኛ አጥንት ወይም ኖራ ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም፤ ባሕር በሌለበት ኮራልን ማን ይጠብቃል? ያልጠበቅነውን ነገር በምናውቀው ስም እንጠራዋለን። ዋናው የስሕተት ምንጭ ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በነዚያው ሦስት ሳምንታት ውስጥ የማኅበራችን ኮሚቴ፣ እኔም ጸሐፊው የሆንሁበት፣ ለአባልነት ያመለከተ የአንድ አዲስ ተማሪን ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ልጁ ወደዚህ አገር ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፎቶግራፍ አቀረበ፤ ልጁ በአንድ ሰልፍ መካከል፣ ሁላችንም የምናወግዘውን ሰንደቅ ከያዘ ሰው ጎን ቆሟል። ከሰሜኑ ጦርነት (2020–2022 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በስደተኛው መካከል የተፈጠረውን መከፋፈል የሚያውቅ አንባቢ የክፍሉን አየር መገመት አያቅተውም። አንዱ «ተላላኪ ነው» አለ። ሌላው «የታወቀ ነው» ብሎ ጨመረ። ማን እንዳወቀው የጠየቀ አልነበረም። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። በቃለ ጉባኤው ላይ ያን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄና በማይለቅ ቀለም።

ለአንድ አልጌ አንድ ፎቶግራፍ አልበቃም፤ ለአንድ ሰው ግን በቃ።

ይህን ለክበቡ ስናገር ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እርሳቸው በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ነበሩ። በዚያ ዘመን «አናርኪስት»፣ «ባንዳ»፣ «አድሃሪ»፣ «ፀረ ሕዝብ» የተባሉት ቃላት እንደ ጥይት ይተኮሱ እንደ ነበር፣ በ1969 እና 1970 በየጎዳናው የወደቁት አስከሬኖች ላይ ጽሑፍ ይለጠፍ እንደ ነበር ሁላችንም ከታሪክ ተምረናል። ከጋሼ የሰማነው ግን ሌላ ነው። «እናንተ ለዚያች የባሕር አረፋ ሦስት ሳምንት ሰጣችሁ» አሉ። «እኛ ለአንድ ሰው የሰጠነው አንድ ማታ ነበር። ስም ያወጣንለትም ከቤቱ በልተን እናውቅ የነበርን ነን።» ሰውየው ማን እንደ ነበረና ምን እንደ ደረሰበት አልነገሩንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

እንግዲህ ነገሩን በሥርዓት እንመርምረው። ያን ድቡልቡል ነገር ዕንቁላል ብዬ ስጠራው በእርሱ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፤ እንደ ወትሮው በስንጥቁ ውስጥ ይኖራል። ስሕተቴ የእኔው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰውን «ተላላኪ» ብዬ ስጠራው ግን በዙሪያው ያለው ዓለም ይለወጣል፤ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ቤት የሚያከራየው፣ ሥራ የሚጠቁመው ይጠፋል፤ ጊዜው ክፉ ከሆነም ሕይወቱ ይጠፋል። በፍጥረታት ስም ላይ የሚሠራ ስሕተት የዕውቀት ስሕተት ሲሆን፣ በሰው ስም ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን ስሕተትም ግፍም ነው። ታዲያ ጉዳቱ በሚያንስበት ቦታ ሦስት ሳምንት የሚጠነቀቅ ኅሊና፣ ጉዳቱ በሚበዛበት ቦታ በሃያ ደቂቃ መወሰኑ እንዴት ይገለጻል?

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። «ፖለቲካ ቤተ ሙከራ አይደለም። ጠላት ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ጨቋኙን በስሙ ለመጥራት የሚያመነታ የጨቋኙ ተባባሪ ነው» ይባላል። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ፤ ልንክደው አይገባም። በዘብ ጥበቃ ላይ ያለ ሰው በጨለማ ለሚመጣው «ማነህ?» ማለቱና መሣሪያውን ማዘጋጀቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዘብ እንኳ በመጀመሪያ የሚያደርገው መጠየቅ ነው። ሳይጠይቅ የሚተኩስ ዘብ ጠባቂ ሳይሆን አደጋ ነው። ደግሞም ድርጊትን መሰየምና ሰውን መሰየም የተለያዩ ናቸው። «ይህ ድርጊት ግፍ ነው» ለማለት ድርጊቱን ማየት ይበቃል፤ «ይህ ሰው እንዲህ ነው» ለማለት ግን ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በስብሰባ የሚወጣውን ስም ግን መልአክ አያወጣውም፤ ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ጓደኛችን ከምትሠራበት ሥርዓት ሦስት ነገሮች ልንማር እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ናሙና ነው። ለአንድ ዝርያ አዲስ ስም የሚያወጣ ሳይንቲስት ስሙ የተመሠረተበትን አንድ ናሙና ለይቶ በሙዚየም ወይም በመሰል ተቋም ያስቀምጣል፤ የሚጠራጠር ሁሉ ሄዶ ያየዋል። የምናውቀውን እንጥቀስ፤ ድንቅነሽ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሐዳር ተገኘች፤ ዝርያዋም በ1978 አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ ተባለ። ስሙን የተሸከመው ዋና ናሙና ግን ድንቅነሽ አይደለችም፤ ታንዛንያ ውስጥ በላኤቶሊ የተገኘ መንጋጋ ነው። ስሙ አፋር ቢልም ማስረጃው ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ይህም ተመዝግቦ ማንም ያውቀዋል። የእኛ «የታወቀ ነው» ግን ናሙናው የት እንደ ተቀመጠ የሚናገር የለም።

ሁለተኛው የሰያሚው ስም ነው። በሳይንስ የፍጥረቱ ስም በተሟላ ሁኔታ ሲጻፍ ስሙን ያወጣው ሰውና ዓመቱ አብረው ይጻፋሉ፦ ቫሎንያ ቬንትሪኮሳ፣ አጋርድ፣ 1887። የስዊድኑ ያኮብ አጋርድ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ከነስሙ ለዘለዓለም ይኖር ነበር። ይህ ከባድ ኃላፊነት ነው። በእኛ ዘንድ ግን የተሰየመው ሰው ስም በአደባባይ ሲጠራ የሰያሚው ይደበቃል፤ «ይባላል»፣ «ተረጋግጧል»፣ «ሰፊው ሕዝብ ያውቀዋል» ከሚሉ ባለቤት አልባ ግሦች ጀርባ ይሸሸጋል። ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የሚለው የአባቶች ተግሣጽ ስለዚህ ነገር የተነገረ ነው።

ሦስተኛው ክፍት በር ነው። ያ አልጌ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ቬንትሪካርያ ወደሚባል ወገን ተዛውሮ ነበር፤ ኋላም ተጨማሪ ምርመራ ወደ ቀድሞ ስሙ መለሰው። ማንም አላፈረበትም። የስም መታረም የሥርዓቱ ጤንነት ምልክት እንጂ የሰያሚው ሽንፈት አይደለም። በእኛ ታሪክ ግን አንዴ «ባንዳ» የተባለ ሰው ስሙ የሚታረመው፣ ያውም ከታረመ፣ ከሞተ በኋላ ነው።

ስም በሥርዓት ሲወጣ ምን እንደሚመስል አገራችንም ምሳሌ አላት። የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት በታኅሣሥ 1994 (እ.ኤ.አ.) ተከፍቶ በታኅሣሥ 2006 የጥፋተኝነት ውሳኔ ላይ ሲደርስ 12 ዓመት ፈጅቷል። ዘገየ ተብሎ ተነቅፏል፤ ነቀፌታውም አግባብ ነበረው። ነገር ግን በአስከሬን ላይ በወረቀት ተለጥፎ ከሚቀር ስም፣ በሰነድና በምስክር የቆመ፣ ተከሳሹ የመከላከል መብት ያገኘበት ስም ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

እስካሁን የተናገርሁት ሰውንና የባሕር ፍጥረትን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ነው። አንድ ታላቅ ልዩነት ግን ይቀራል፤ ወደ እርሱ የመራኝም ከቀይ ባሕር የመጀመሪያ ተመራማሪዎች አንዱ ነው። ፔር ፎርስኮል የታላቁ የሊኔ ተማሪ ነበር። በ1759 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ስለ ዜጎች ነፃነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መንግሥት መጽሐፏ ከሕዝብ እጅ እንድትሰበሰብ አዘዘ፤ እንዲሰበስብ የታዘዘውም በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ የነበረው መምህሩ ሊኔ ነበር። ፎርስኮል ጥቂት ቆይቶ ከዴንማርክ የጥናት ቡድን ጋር ወደ ዓረብ አገር ተጓዘ፤ በ1763 በየመን በወባ ሞተ። ከጓደኞቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ጽሑፎቹን በ1775 አሳተመለት። በነዚያ ገጾች ውስጥ ፎርስኮል ለብዙ የቀይ ባሕር ዓሦች ያወጣው ስም የራሱ ፈጠራ አይደለም፤ ቦሃር፣ ሐራክ፣ አቡደፍዱፍ የመሳሰሉት በዓረብኛ የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። እስከ ዛሬም በሳይንስ መጻሕፍት ጸንተው ይኖራሉ። ስለ ነፃነት የጻፈው ያ ወጣት ስም ከማውጣቱ በፊት ከነገሩ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች ቋንቋ አዳመጠ።

ዓሣው ግን ራሱ መናገር አይችልም። አልጌውም እንዲሁ፤ ጓደኛችን ሦስት ሳምንት የደከመችው «አንተ ማነህ?» ተብሎ የማይጠየቅ ፍጥረት ስለ ሆነ ነው። ሰው ግን ይጠየቃል፤ ይመልሳልም። ሊዋሽ ይችላል፤ ሊሳሳት ይችላል፤ መልሱም መመርመር አለበት። ቢሆንም በፍጥረት ሁሉ መካከል ስለ ራሱ ቃሉን ሊሰጥ የሚችል እርሱ ብቻ ነው። ሰውን ሳይጠይቁ መሰየም እንግዲህ ይህን አንድ መብቱን መግፈፍ፣ ከሰው ተራ አውጥቶ ከአለት ሥር ካለው ነገር በታች ማድረግ ነው። የእኛ ኮሚቴ ያን ልጅ ከአልጌ አሳንሶ ተመለከተው፤ ለአልጌው ቢያንስ ጥያቄ ተጽፎለታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው እንዲከፈት ጠየቅሁ። ክርክሩ ረጅምና መራራ ነበር። «አቋምህ ላላ» የተባልሁበትም ጊዜ አለ። በመጨረሻ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ያ ቃል ተሰረዘ፤ በቦታውም «ገና አልተጠየቀም» የሚል ተጻፈ፤ የመጠየቁም ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ልጁን አገኘሁትና በሬንተን ቤተ መጻሕፍት፣ በሴዳር ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ በተሠራው ሕንጻ፣ ተቀመጥን። ወቅቱ ሳልሞን ዓሣ ሽቅብ የሚወጣበት ስለ ነበር ሰው ሁሉ ወደ ታች ያይ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ስለዚያ ፎቶግራፍ ለሚጠይቀኝ ሰው እነግረዋለሁ። አስቀድሞ ለፈረደብኝ ግን የምነግረው የለኝም። አንተ የትኛው እንደ ሆንህ ገና አላወቅሁም» አለኝ። ተነሥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ወደ ማኅበራችን አልተመለሰም፤ ይመለሳል ብዬም ለመተንበይ አልደፍርም።

በየከተማው የምትገኙ አንባቢያንና የማኅበራችን አባላት ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የየቅርንጫፋችሁን ቃለ ጉባኤ ክፈቱ። በሰው ስም አጠገብ የተጻፈ ቅጽል ባገኛችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማስረጃው የት ተቀምጧል? ይህን ስም ያወጣው ማን ነው? ሰውየውስ ተጠይቋል? መልስ ካጣችሁ ቃሉን ሰርዙና «ገና አላወቅንም» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያም ሰውየውን ፈልጋችሁ ጠይቁት።